ርካሽ ጉልበት ለማን ረከሰ?



ከግቢ ውጭ የምንኖር ተማሪዎች በየጠዋቱ መገናኛ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ ከጎናችን ሌላ ሰልፍ አለ። ወደ ጎሮና ወደ ቦሌ ለሚ የሚሄድ ነው። ከተሰለፉት ብዙዎቹ በእኛ ዕድሜ ያሉ፣ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። የአንዷ እህታችን የአክስት ልጅም እዚያ ሰልፍ ላይ ሰባት ወር ቆማለች። ከዚያ ሥራዋን ለቀቀች። ኪራይ፣ ምሳና ትራንስፖርት ተከፍሎ ለእናቷ የምትልከው አልተረፋትም።

ይህን በጀመዓችን ስናነሳ ኢኮኖሚክስ የሚያጠኑ ወንድሞች «ደመወዝ የሚያድገው ምርታማነት ሲያድግ ነው፤ በሰዓት የሚሰፋው ትንሽ ከሆነ ፋብሪካው ከየት አምጥቶ ይከፍላል?» አሉን። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ ባወጡት ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በባንግላዴሽ 95። ፋብሪካዎቹም በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ባደረጉት ጥናትም ሥራውን በዕጣ ካገኙት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀዋል።

መኪናው ላይ እጅ የሚፈጥነው በወራት ልምድ ነው። ሠራተኛዋ መፍጠን ስትጀምር ትሄዳለች፤ ፋብሪካው ሌላ ጀማሪ ያሠለጥናል። ምርቱ ዝቅ ይላል፤ የምርቱ ማነስ ደግሞ ለደመወዙ ማነስ ምክንያት ይሆናል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ሲጀምር በብር የሚከፈለው ጉልበት ለውጭ ገዢ ይበልጥ ረከሰ፤ ለሠራተኛዋ ግን ዘይቱ ተወደደ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ደንግጓል። ጉዳዩ ግን ለዓመታት ተጓቷል። ወለል በሌለበት ገበያ ተደራዳሪው አንድ ወገን ብቻ ነው።

ዲናችን የሠራተኛን ክፍያ በአሠሪው ደግነት ላይ አልተወውም። የኢጃራ ውል ክፍያው ከሥራው በፊት እንዲታወቅ ይጠይቃል። ላብ ሳይደርቅ ስለ መክፈል የሚያስተምረውን ሐዲስም ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተነዋል። ስለዚህ ክፍያው ሐቅ ነው፤ ማዘግየቱና መሸራረፉ ዙልም ነው።

ከመካከላችን ነገ የሰው ኃይል ኃላፊ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ መሐንዲስ፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የሚሆኑ አሉ። የደመወዝ ሠንጠረዡ ጠረጴዛቸው ላይ ይመጣል። ያኔ «በስንት ቀጠርን?» ከሚለው ጋር «ስንቶቹ ቆዩ? ለምን ለቀቁ?» የሚለውንም ቆጥረው ለአለቃቸው ያሳዩ። ይህን ለማድረግ ሥልጣን አያስፈልግም፤ እርሳስና አማና ይበቃል።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ እጃችንን ከሰው ሐቅ የጠራ ያድርግልን። ወሏሁ አዕለም።