የእናታችን ግቢ፦ ጣውላ ወይስ ድንጋይ?

እርስዎም እንደ እኔ አዲስ አበባ እየኖሩ ወላጆችዎ አገር ቤት ካሉ፣ በቤተሰብዎ የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፦ «ለምን የእማዬን ግቢ አናሠራውም?» ቆርቆሮው ተቀይሯል፣ መብራቱ ገብቷል፣ ሽንት ቤቱ ታድሷል፤ የቀረው ከበሩ እስከ አጥሩ ያለው ባዶ መሬት ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ክርክሩ የሚጀምረው «በምን ይሠራ?» ሲባል ነው።

እኛ ቤት ክርክሩን ያስነሣችው አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ዴክ የሚባለውን፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ በጣውላ የሚነጠፈውን ወለል፣ ፎቶ ላከችልን። በእውነት ያምራል። ታናሽ ወንድማችን ወዲያው ደገፈ፤ «ለበዓል ስንሄድ እዚያ ላይ ቡና ስንጠጣ አስቡት» አለ። እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ፎቶ ሰውን እንዴት እንደሚያሳምን አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ፎቶ የሚነሣው በበጋ፣ ወለሉ ገና አዲስ ሳለ፣ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ነው። በነሐሴ ዝናብ የሚነሣው የለም። ስለዚህ መሥሪያ ቤት ማንኛውም ዕቃ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የምንጠይቀውን ጥያቄ ለቤተሰቡም አቀረብኩ፦ ተጠቃሚው ማን ነው? የት ነው የሚኖረው? በቀን ስንት ጊዜ ይጠቀምበታል?

ተጠቃሚዋ እናታችን ናት። 68 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ከደብረ ብርሃን አልፈው፣ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጥፈው ሲዘልቁ የሚያገኟት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የምትበልጥ ከተማ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡና ጉሙ ይፈራረቃሉ። ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ነው። ግቢው በዚህ ሁሉ ውስጥ ሥራ አይፈታም። ገብስና ባቄላ ይሰጣበታል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እየሞቀች የበግ ፀጉር ትፈትልበታለች፤ መንዝ በበጉና ከፀጉሩ በሚሠራው ባና የታወቀ መሆኑን ያውቃሉ። በዓል ሲሆን በግ ይታረድበታል። ልቅሶ ወይም ተዝካር ሲኖር ድንኳን ይተከልበታል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይገባል።

ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃ ነው። ዘንድሮ ሳይሆን አምና፣ እናቴ ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ሁለት ጊዜ አዳልጧት ወደቀች። በሁለተኛው የእጇ አንጓ ተሰበረ። ወንድሜ «አሁንስ አዲስ አበባ ትምጣ» አለ። እሷ ግን ጎረቤቷን፣ ዕድሯን፣ በጎቿን ጥላ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ስለዚህ የግቢው ነገር ለእኛ የጌጥ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። እናታችን በቤቷ መኖሯን የምትቀጥልበት ወይም የማትቀጥልበት ጉዳይ ነበር።

ለጣውላው ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም፤ ጥሩ ጎን አለው። እንጨት ሙቀትን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወስድ በብርድ አገር ለእግርም ለመቀመጫም ይመቻል። ቦታው ተዳፋት ከሆነ መሬቱን ሳይቆፍሩና ሳይሞሉ በቋሚ ላይ ማስተካከል ይቻላል። ሥራውም ቶሎ ያልቃል። ችግሩ እንጨቱ ከየት ይመጣል የሚለው ላይ ነው። እዚያ አካባቢ በቀላሉ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራበት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ምስማሩንም ይዞ ይነሣል። መሬት የነካው ጫፍ ደግሞ በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል። «የመብራት ምሰሶው ባሕር ዛፍ አይደለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ነው፤ ግን እሱ ፋብሪካ ገብቶ መከላከያ መድኃኒት የጠጣ ነው። ጥሩ የሚሆነው የሐበሻ ጥድ ነበር፤ እሱን ግን ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ባይከለከልም ለቡና መጠጫ ወለል ብሎ ጥድ መጣል ኅሊና አይፈቅድም።

የደጋው አየርም ለእንጨት አይራራም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። በክረምት ጠጥቶ ያበጠ ጣውላ በበጋ በዚህ ፀሐይ ይኮማተራል፤ በየዓመቱ እንደዚያው። ይህን የሚቋቋመው በየዓመቱ ዘይት ወይም የውጭ ቫርኒሽ ከተቀባ ነው። ታዲያ ማን ይቀባዋል? እኔ? ለፋሲካ ሁለት ቀን አድሬ የምመለሰው? ከእንጨት ዱቄትና ከፕላስቲክ ተቀላቅሎ የሚሠራው ከውጭ የሚገባ ጣውላስ? እሱ ቶሎ አይበሰብስም። ነገር ግን ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል፤ አንዱ ቢሰበር ምትኩ መሐል ሜዳ አይገኝም። ከሁሉ በላይ የኛ ቡና በከሰል ነው የሚፈላው። አንዲት ፍም ከምድጃው ብትወድቅ ፕላስቲኩን አቅልጣ የማይለቅ ጠባሳ ትታ ትሄዳለች።

ድንጋዩ ደግሞ ከግቢያችን በር ላይ ይጀምራል ማለት ይቻላል። መንዝ ከጥንትም እንጨት ብርቅ የሆነበት አገር ነው። ለዚህ ነው የአባቶቻችን ቤት ግድግዳው የድንጋይ ካብ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ ማገዶው ኩበት የሆነው። ጓሳውንም ቢሆን ሕዝቡ በራሱ ደንብ ለዓመታት ከልሎና አካብቶ፣ በተፈቀደ ጊዜ ያጭደው ነበር። ባለው ነገር በልክ መኖርን ያወቀ ሕዝብ ነው። ድንጋዩ ጥቁሩ ባዛልት ነው፤ በየከተማችን ያለው ኮብልስቶን የሚጠረብበት ዓይነት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በየከተማው የተስፋፋው የኮብልስቶን ሥራ ብዙ ወጣት ጠራቢና አንጣፊ አፍርቷል። ይህ ማለት ሙያተኛው እዚያው አለ፣ ሲበላሽ የሚጠግነውም እዚያው አለ ማለት ነው። ገንዘቡም እዚያው ከተማ ይቀራል።

ድንጋይም ነውር የለበትም አልልም። ጠዋት ይቀዘቅዛል። የኮብልስቶን ፊት ወጣ ገባ ስለሆነ ምርኩዝ ለሚይዝ ሰው አይመችም። የወደቀበትን ሰው ከጣውላ ይልቅ ይጎዳል። ጥላ ሥር ያለው ክፍል በክረምት አረንጓዴ ይዞ ያሙለጨልጫል፤ በሻካራ መጥረጊያ መፋቅ አለበት። ከድንጋይ ይሻላል ብለው ለስላሳ ሴራሚክ ደጅ ላይ የሚያስነጥፉ ሰዎች አሉ፤ እባክዎ አያድርጉት፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው።

እኔ ቢዝነስ የተማርኩ ስለሆነ በወረቀት ላይ ሒሳብ ሠራሁ። ዘዴው ቀላል ነው፤ እርስዎም ይሞክሩት። የመጀመሪያውን ወጪ ይጻፉ። በላዩ ላይ በ20 ዓመት ውስጥ የሚወጣውን የጥገና ወጪ ይደምሩ፤ ቀለም፣ ዘይት፣ የሚቀየር ጣውላ፣ የሙያተኛ ክፍያና መጓጓዣ ሳይቀር። ከዚያ ለ20 ያካፍሉት። እኛ ባሰባሰብነው ዋጋ ጣውላው በመጀመሪያው ቀን ከድንጋዩ እምብዛም አይበልጥም ነበር። በዓመት ሲከፈል ግን ድንጋዩ በብዙ ረክሶ ተገኘ።

ሒሳቡን ይዤ ወደ እናቴ ደወልኩ። ሁለቱንም አስረዳኋት፤ የጣውላውን ፎቶም የጎረቤት ልጅ በስልኩ አሳያት። ዝም ብላ ሰማችኝና እኔ ወረቀቴ ላይ ያልነበሩ ጥያቄዎች አመጣች።

«በጣውላና በጣውላው መሃል ያለው ክፍተት ለምንድን ነው?»

«ውሃው እንዲወርድ ነው እማዬ።»

«ገብሴም አብሮ ሊወርድ ነዋ! ከሥሩ አይጥ ልታረቡልኝ ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «ደግሞስ ልጄ፣ እኔ የሞትኩ ዕለት ድንኳኑ ካስማው በምን ላይ ይመታል? ያን ሁሉ ሰው ይችለዋል?»

ይህን ለእህቴ ስነግራት ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ዴኩን የፈለገችው ከእናታችን ጋር የምትቀመጥበት ቦታ ስለናፈቃት እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ። እሷ በዓመት አንዴ እንኳ መምጣት የማትችል ሰው ናት፤ ፎቶው የእሷ ናፍቆት ነበር። ስለዚህ ክርክሩን በማሸነፍና በመሸነፍ አልጨረስነውም። ለድንጋይ የሚሆነውን ለድንጋይ፣ ለእንጨት የሚሆነውን ለእንጨት ሰጠን።

የሠራነውን ልንገርዎ፤ ምናልባት ይጠቅምዎታል። ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱና እስከ ውጭው በር ድረስ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው መንገድ በጠፍጣፋ ጥርብ ድንጋይ ተነጠፈ፤ ፊቱ ለምርኩዝ እንዲመች ደልደል ያለ፣ ግን እንዳያዳልጥ ሻከር ያለ ነው። ደረጃዎቹ አጠገብ የብረት መያዣ ቆመ። የቀረው ግቢ ኮብልስቶን ሆነ። በአጥሩ ዙሪያ ግን ሁለት ክንድ ያህል መሬት ሳይነጠፍ ቀረ፤ ለጎመኗም ለድንኳኑ ካስማም እንዲሆን። የእህቴ እንጨት ደግሞ ጣሪያው በሚከልለው በረንዳ ላይ መጣ። ግንበኛው ግድግዳውን ተከትሎ የድንጋይ መደብ ሠራ፤ አናጢው በላዩ ላይ በደንብ የደረቀ ጣውላ ገጠመበት። ዝናብ አይመታውም፣ መሬት አይነካውም፣ ለመቀመጫ አይቀዘቅዝም።

ድንጋይ ለማስነጠፍ ካሰቡ ገንዘብዎን ፊቱ ላይ ብቻ አያፍስሱ፤ ዋናው ሥራ ከሥር ያለው ነው። የደጋው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ድንጋይ በሁለተኛው ክረምት ይወላገዳል። እኛ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቆፍረን፣ ገረጋንቲና ጠጠር በየንብርብሩ አስጠቅጥቀን፣ በላዩ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ አድርገን ነው ያስነጠፍነው። ተዳፋቱ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ 6 ሜትር ግቢ ከሆነ ዳርቻው ከግድግዳው ሥር 12 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ግንበኛው ውሃ ልክ ይዞ ሲለካ አጠገቡ ይቁሙ። ውሃው ወደ ቦይ እንጂ ወደ መሠረቱ ወይም ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ ያረጋግጡ። የድንጋዩን መገጣጠሚያ በሲሚንቶ ከመድፈን በአሸዋ መሙላቱ ለውርጭ አገር ይሻላል። ውሃ ሲረጋ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ፣ ሲሚንቶው ውስጥ የገባው እርጥበት ይፈለቅቀዋል፤ አሸዋው ግን ውሃውን ወደ ታች ያሳልፋል።

ቤተሰብዎ ያለው መርሐቤቴ ወይም ወደ ጀማ ሸለቆ ወረድ ብሎ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። እዚያ ውርጩ ያንሳል፤ በምትኩ ሙቀቱና ምስጡ አሉ። ምስጥ ካለ መሬት የሚነካ እንጨት ፈጽሞ አያስቡ። ድንጋዩ ደግሞ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ስለሚተፋው ለደጋ በረከት የሆነው ለቆላ መከራ ሊሆን ይችላልና፣ ከሁሉ በፊት ጥላ የሚሆን ዛፍ ይትከሉ።

አንድ ክረምት አልፎበታል። ሁለት ቦታ ላይ ድንጋዩ ትንሽ ሰመጠ፤ አንድ ጠራቢ መጥቶ ነቅሎ፣ አሸዋ ጨምሮ መለሰው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። እናቴ አልወደቀችም። ወንድሜም «አዲስ አበባ ትምጣ» ማለቱን ለጊዜው ትቷል።

እርስዎም የወላጆችዎን ግቢ ሊያሠሩ ካሰቡ፣ ፎቶ ከመምረጥዎ በፊት አንድ ቀን በሐምሌ ሄደው እናትዎ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ እንዴት እንደሚሄዱ ይመልከቱ። እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ፣ ምን ይዘው ለመቆም እንደሚሞክሩ ልብ ይበሉ። ከዚያም ግቢው ምን እንዲሆንላቸው እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ይጠይቋቸው። እኛ ለበዓል የምንመጣ እንግዶች ነን፤ በየቀኑ የሚረግጡት እሳቸው ናቸው።