የካቲት 12ን ለልጆቻችን ስንነግር

በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ልጆቻችንን ይዘን ወደ ስድስት ኪሎ እንሄዳለን። የአበባው ጉንጉን ከሐውልቱ ሥር ሲቀመጥ እኛም ባርኔጣችንን አውልቀን በጸጥታ እንቆማለን።

በ1929 ዓ.ም. በዚሁ ዕለት ግራዚያኒ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው በገነተ ልዑል ግቢ ለድሆች ምጽዋት ሲያስታድል፥ እንደ እኛ ትግርኛ ተናጋሪዎች የነበሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት። ወዲያውም በግቢው በተሰበሰቡት ድሆች ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከዚያም ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ለሦስት ቀን በከተማው ተሰማርተው ሰውን በጥይት፥ በጩቤና በዱላ ፈጁ፤ ጎጆውን ከነነዋሪው አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺህ ያህል አድርጎታል።

ዘንድሮ ትንሹ ልጃችን፥ «አባባ፥ ነጮች ሁሉ እንዲህ ናቸውን?» ሲል ጠየቀን። ቶሎ መመለስ አልቻልንም። እኛን ፊደል ያስቆጠሩን፥ ስንታመምም ከአልጋችን አጠገብ ያደሩት የሚሲዮን መምህራን ነጮች ነበሩና።

ቆይተን እንዲህ አልነው፦ «ልጄ፥ እነዚያ ገዳዮች ሰውየው ምን በደለ ብለው አልጠየቁም፤ መልኩን ብቻ አይተው ፈረዱበት። እኛም መልክ አይተን ብንፈርድ የእነርሱ ደቀ መዛሙርት እንሆናለን።»

ይህ ማለት ግን ደሙን መርሳት አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በኢጣሊያ በአፊሌ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲቆምለት፥ ዝምታ በደልን እንደሚያስከብር ተመልክተናል። በደሉን በበዳዩ ስም እንጥራ፤ ቂሙን ግን ለልጅ አናውርስ።

ልጃችንም ከሐውልቱ ሥር አንዲት አበባ አኖረ፤ ምጽዋት ሊቀበሉ ወጥተው ላልተመለሱት፥ ስማቸውም ላልተጻፈላቸው ድሆች።