ሽሮ ሜዳ፣ ከልብስ ሱቆቹ ጀርባ

ታክሲው ከስድስት ኪሎ ተነስቶ የአሜሪካ ኤምባሲን አልፎ ሽሮ ሜዳ አራገፈን። ግራና ቀኙ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሙካሽ የተጠለፈበት ቀሚስ ተሰቅሏል፤ አንዳንዱም ፋብሪካ ያተመው ጥለት ነው፤ ባለሱቁ ሲጠየቅ አይዋሽም፣ ካልተጠየቀ ግን ዝም ይላል። ሸማኔ እዚህ አይታይም። እሱን የፈለገ ከሱቆቹ ጀርባ ወደ እንጦጦ በሚያወጡት ጠባብ ቅያሶች ገብቶ የመወርወሪያውን ድምፅ መከተል አለበት።

የሄድኩት ልብስ ልገዛ አይደለም፤ ዶርዝኛ ልሰማ ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው የጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከጨንቻ አጠገብ ካለችው ዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ጉለሌን ቤታቸው ካደረጉ ብዙ ትውልድ አልፏል። ብርዱም የለመዱት ነው፤ ዶርዜም ደጋ፣ የእንጦጦ ሥርም ደጋ።

የገባሁበት ቤት አንድ ክፍል ነው። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሰደው ተቀምጠዋል፤ መርገጫውን በተራ እየረገጡ መወርወሪያውን ከእጅ እጅ ያቀባብላሉ።

«ጋሼ፣ ድምፅዎን ልቅዳ?»

«ቅዳ፤ ሥራ ግን አታስፈታኝ።»

ጥግ ላይ አንድ ልጅ ማግ በቀሰም ላይ ያጠነጥናል። ሽማግሌው በዶርዝኛ ያዙታል፤ ልጁ ቀሰሙን ያቀብላል፣ መልሱን ግን በአማርኛ ይሰጣል። ይህ ሁለት ሦስቴ ተደጋገመ፤ አንዳቸውም ልብ ያሉት አልመሰለኝም። መሐል ላይ ድር ተበጠሰ። ሽማግሌው ጫፍና ጫፉን ፈልገው፣ በጣታቸው አፍተልትለው ቋጠሩና አንድ ረዘም ያለ ነገር አጉረመረሙ። ልጁ ሳቀ። የቋንቋ አጥኚ ይዞት የሚዞረው የቃላት ዝርዝር ራስ፣ ዓይን፣ ውኃ፣ እሳት ብሎ ይጀምራል፤ ድር ሲበጠስ የሚባለው ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። የሸማኔ ቋንቋ ደግሞ እዚያ ነው ያለው።

ዶርዝኛ ጨርሶ ያልተነካ ቋንቋ አይደለም። ከወላይትኛ፣ ከጋሞኛ፣ ከጎፍኛና ከዳውሮኛ ጋር ኦሜቶ በሚባለው የኦሟዊ ቤተሰብ ቅርንጫፍ ይመደባል። ስለ ኦሜቶ ጣሊያናዊው ሞሬኖ በ1938 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል፤ ጊዜው የወረራ ዘመን መሆኑን አንርሳ። ከእኛም ወገን ዶክተር ሂሩት ወልደማርያም፣ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት፣ በአባያ ሐይቅ የጊዲቾ ደሴት ሰዎች የሚናገሩትን የሐሮን ሰዋስው ከሌሎቹ የኦሜቶ ቋንቋዎች ጋር እያነጻጸሩ ጽፈዋል። ዶርዝኛ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው ወይስ የጋሞኛ ዘዬ የሚለው ክርክር ግን አሁንም አለ። እኔ በዚህ አልፈርድም፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከላይ ሆኖ የሚፈርድ ምን እንደሚገጥመው አይተናልና። በ1992 ዓ.ም. ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮን አንድ ላይ ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የመማሪያ መጽሐፍ ቢታተም ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጽሐፉም ቀረ።

በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ዶርዜ ነኝ ያለው ሰው 29 ሺህ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዶርዝኛ አፌን የፈታሁበት ነው ያለው ግን 21 ሺህ አልሞላም። ልዩነቱ የት እንደገባ ለማወቅ ማግ የሚያጠነጥነውን ያንን ልጅ ማየት ይበቃል።

ስለዚህ ዶርዝኛን ለመሰነድ መቅረጸ ድምፅ ይዞ ጨንቻ መውጣት ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከተማ ያለው ተናጋሪም መቀዳት አለበት። ኒው ዮርክ ላሉ ሰዎች ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። ሴኬ የሚባል የሲኖ-ቲቤት ቋንቋ አለ፤ በኔፓል ሙስታንግ አምስት መንደሮች የሚነገር፣ ተናጋሪው 700 ገደማ የሆነ። ከእነዚህ ከመቶ የሚበልጡት ኒው ዮርክ ይኖራሉ፤ ብዙዎቹም ብሩክሊን ውስጥ በአንድ ሕንፃ ተሰባስበው። በ2010 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በመጥፋት ላይ ያሉ ቋንቋዎች ኅብረት እዚያው ከተማው ውስጥ ተናጋሪዎቹን እየቀዳ ነው። ከእኛ የሚለየው ነገር አይታየኝም። እንዲያውም እኛ እንቀርባለን፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ባህሎች አካዳሚ ያለው ስድስት ኪሎ ነው፤ ቋንቋ መሰነድን እስከ ሦስተኛ ዲግሪ የሚያስተምረውም ይኸው ዩኒቨርሲቲ ነው። ሽሮ ሜዳ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው።

ካልተቸኮለ የሚመጣውን ደግሞ ጎጃም አሳይቶናል። እዚያ ይነገር የነበረውን ጋፋትኛን የቋንቋ አጥኚው ቮልፍ ሌስላው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲፈልግ ብዙ ተንከራትቶ ያገኘው አራት ተናጋሪ ነው። ዛሬ ጋፋትኛ ያለው መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው።

መወርወሪያው ከንግግሩ ጋር ስለሚቀዳ መቅረጫውን ወደ አፍ ማስጠጋት ያስፈልጋል፤ በኦሜቶ ቋንቋዎች የድምፅ ከፍና ዝቅ ማለት ዋጋ አለውና የተጨመቀ የስልክ ቅጂ አያስተማምንም። ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ቅጂውም ለባለቤቱ ይድረሰው። ሸማኔ የሚከፈለው በጨረሰው ልብስ ነው፤ ስለዚህ ለጥናት የምትሄዱ ተማሪዎች ያስፈታችሁትን ሥራ ሒሳብ ከፍላችሁ ውጡ።