ርካሹ ስቴት የቱ ነው?

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ምክንያት የሆነኝ አንድ የ225 ዶላር ስህተት ነው። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ዶላሩ ግን የወንድሜ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ስቴት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። ለዓመታት ተቀጥሮ ማታ ማታ ቢሮ ሲያጸዳ ከቆየ በኋላ "ለሰው የምሠራውን ለራሴ ብሠራውስ?" ብሎ ተነሣ። ማሽን ገዛ፣ ሁለት ደንበኛ አገኘ፣ የቀረው ኩባንያ ማቋቋም ብቻ ሆነ። ታዲያ አንድ እሑድ ደውሎ ከእማዬ ጋር አውርቶ ሲጨርስ ስልኩን ለእኔ እንድትሰጠኝ ጠየቃት። "አንቺ አካውንቲንግ አይደል እንዴ የምትማሪው?" አለኝ። "አንዱ ዋዮሚንግ ክፈት፣ እዚያ ታክስ የለም ይለኛል። ሌላው ትልልቁ ኩባንያ ሁሉ ዴላዌር ነው ይለኛል። እስቲ ኤልኤልሲ ለመክፈት የትኛው ስቴት እንደሚረክስ አጥኚና ንገሪኝ።"

እኔ ያኔ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ቢዝነስ ሎው ላይ ኤ አምጥቻለሁ። እንግዲህ እንዴት ልቤ እንዳበጠ እናንተው ገምቱት።

ወደ ገደለው ከመግባቴ በፊት ኤልኤልሲ ስለሚባለው ነገር ጥቂት ልበል። ከእኛው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ጋር ይቀራረባል። ድርጅቱ ቢከስር አበዳሪ የሚመጣው በድርጅቱ ንብረት ላይ እንጂ በባለቤቱ ቤትና መኪና ላይ አይደለም። የሚገርመው የእኛ የንግድ ሕግ በ1952 ዓ.ም. እንዲህ ዓይነቱን ማኅበር ሲፈቅድ አሜሪካኖቹ ገና ኤልኤልሲ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣው ዋዮሚንግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ያውም አንድ የነዳጅ ኩባንያ ስለወተወተ። ሌሎቹ ስቴቶች በብዛት የተከተሉት የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 የዋዮሚንግን ኤልኤልሲ ለግብር እንደ ሽርክና አየዋለሁ ካለ በኋላ ነው። በሌላ በኩል እኛ ዘንድ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም የተፈቀደው ገና በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው። እኛ ጋ ቢያንስ 15,000 ብር ካፒታል ይጠየቃል፤ እነሱ ጋ ዝቅተኛ ካፒታል ብሎ ነገር የለም። ክፍያ ነው ያለው። ክፍያው ደግሞ እንደየስቴቱ ነው።

ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ኬንታኪ 40 ዶላር። ኒው ሜክሲኮ 50፣ ከዚያ በኋላ ዓመታዊ ሪፖርት እንኳ አይጠይቅም። ቨርጂኒያ 100፣ ዋዮሚንግም 100። ዴላዌር 110። ቴክሳስ 300። ማሳቹሴትስ 500፣ በየዓመቱም ሌላ 500። ቴነሲ በአባል ቁጥር ነው የሚያስከፍለው፤ በነፍስ ወከፍ 50 ዶላር፣ ሆኖም ከ300 አያንስም፣ ከ3,000 አይበልጥም። ካሊፎርኒያ 70 ዶላር የሚል ሳይ "ታዲያ ሰው ለምን ካሊፎርኒያ ውድ ናት ይላል?" ብዬ ነበር። ዝቅ ብዬ ሳነብ ለካ በየዓመቱ ቢያንስ 800 ዶላር ታክስ አለ፣ ሰባራ ሳንቲም ባይገኝም እንኳ። ኒውዮርክ ደግሞ ጉደኛ ናት። 200 ዶላር ተከፍሎ ከተመዘገቡ በኋላ በ120 ቀን ውስጥ በሁለት ጋዜጦች ላይ ለስድስት ተከታታይ ሳምንታት ማስታወቂያ ማስነገር ግዴታ ነው። ጋዜጦቹን የሚመርጠውም ባለቤቱ ሳይሆን የካውንቲው ጽሕፈት ቤት ነው። ማንሃተን ውስጥ ከሆነ የጋዜጣው ሂሳብ ከምዝገባው ክፍያ በብዙ ይበልጣል። ያን ማስታወቂያ ማን እንደሚያነበው እግዜር ይወቅ።

በመጨረሻ ቨርጂኒያና ዋዮሚንግ ተፋጠጡ። ለማቋቋም እኩል ናቸው። በየዓመቱ ቨርጂኒያ 50፣ ዋዮሚንግ ቢያንስ 60 ዶላር ያስከፍላሉ። በዚህ ብቻ ቢሆን ቨርጂኒያ ታሸንፍ ነበር። እኔ ግን አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ የገቢ ግብር። ቨርጂኒያ እስከ 5.75 በመቶ፣ ዋዮሚንግ ዜሮ። "ለአሥር ዶላር ብለህ ዜሮ ታክስ እንዳያመልጥህ" ብዬ ላክሁለት። በዚያው ማታ ከፈተው። ዋዮሚንግ ውስጥ አድራሻ ስለሌለው ደብዳቤ የሚቀበልለት ወኪል መቅጠር ነበረበት፣ በዓመት 125 ዶላር። እሷን ሠንጠረዡ ውስጥ አላስገባኋትም ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

ስድስት ወር ያህል ሰላም ሆነ። ከዚያ ከሁለቱ ደንበኞች አንዱ የሦስት ወር ሂሳብ፣ 1,800 ዶላር፣ አልከፍልም አለ። ወንድሜ አንድ ጠበቃ ዘንድ ሄደ። የጠበቃው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ገንዘቡ አልነበረም። "ኩባንያህ ቨርጂኒያ ውስጥ ተመዝግቧል?" ነው ያለው። አልተመዘገበም። እንግዲያው እስኪመዘገብ ድረስ በቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ክስ ማካሄድ አይችልም። ውሉ አይፈርስም፣ ሌላ ሰው ቢከሰው መከላከል ይችላል፣ እሱ ግን መክሰስ አይችልም። ከሌላ ስቴት የመጣ ኩባንያ በሕጋቸው "የውጭ" ኩባንያ ነው የሚባለው። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ሳቀ። "እኔ ዜግነት ባገኘሁበት አገር ኩባንያዬ የውጭ ዜጋ ሆኖ አረፈው" አለኝ። ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

ታክሱስ? እሱም ቢሆን የለም። አንድ ባለቤት ያለው ኤልኤልሲ ሌላ ካልመረጠ በስተቀር ራሱ የገቢ ግብር አይከፍልም፤ ትርፉ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ የግብር ማስታወቂያ ያልፋል። ባለቤቱ ቨርጂኒያ ነው የሚያድረው፣ የሚያጸዳውም ቨርጂኒያ ያለ ወለል ነው። ስለዚህ የቨርጂኒያን ግብር ይከፍላል። ወረቀቱ ዋዮሚንግ መቀመጡ አንዲት ሳንቲም አላዳነለትም። የዋዮሚንግ ዜሮ ለዋዮሚንግ ነዋሪ ነው። ይህን ታክሴሽን ኮርስ ላይ ሦስተኛ ዓመት ስንደርስ ተማርነው፤ ለእኔ ዘገየ።

ሂሳቡን ቁጭ ብዬ ሠራሁት። በመጀመሪያው ዓመት ለዋዮሚንግ 100፣ ለወኪሉ 125፣ እንደ ውጭ ኩባንያ ለቨርጂኒያ ምዝገባ 100፤ ድምር 325 ዶላር። መጀመሪያውኑ ቨርጂኒያ ቢከፍት 100 ዶላር ብቻ ነበር፣ ተቀባይ ወኪሉም ራሱ መሆን ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 60 እና 125 እና 50፣ ማለትም 235 ዶላር፤ መክፈል የነበረበት 50 ነው። ከተመዘገበ በኋላ የጠበቃው ደብዳቤ ሲደርሰው ደንበኛው ከ1,800ው 1,200 ከፍሎ ተገላገለ። በዚያ ወር ለእማዬ የሚልከው ገንዘብ አልመጣም። እማዬ "ምን ሆኖብኝ ይሆን?" እያለች ቡና ስታፈላ እኔ ሲኒ አጥባለሁ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ዘግተህ እንደ አዲስ ቨርጂኒያ ክፈት ብዬዋለሁ። ነገር ግን የባንክ ሂሳቡም፣ ኢንሹራንሱም፣ ውሎቹም በዚያው ኩባንያ ስም ስለሆኑ ለጊዜው ይቆይ ብሏል።

ዴላዌርን ያልኩት ነገር ስለሌለ አንዳንዶች ቅር ሊላቸው ይችላል። ለማቋቋም 110፣ በየዓመቱ እስከ ጁን 1 ድረስ 300 ዶላር ነው። ሰዎች የሚመርጡት ለርካሽነቱ አይደለም። የኩባንያ ክርክር ያለ ጁሪ በዳኛ ብቻ የሚያይ ቻንስሪ የሚባል ፍርድ ቤት ስላለውና ሕጉ በብዙ ውሳኔ ስለጠራ ባለሀብቶች ይተማመኑበታል። አክሲዮን ሊሸጥ ላሰበ ሰው ይሆናል። ሁለት ቢሮ ለሚያጸዳ ሰው ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ የቤተ መንግሥት ቁልፍ ለጉልት ሱቅ መግዛት ነው።

እግረ መንገዴን፣ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ በኢንተርኔት ሥራ የሚሠሩ ልጆች "የአሜሪካ ኩባንያ በ100 ዶላር ልክፈት" ሲሉ እሰማለሁ። መክፈቱ ይቻላል፤ ዜግነትም ነዋሪነትም አይጠየቅም። ሆኖም አሜሪካ ያልሆነ ሰው ብቻውን የያዘው ኤልኤልሲ ከባለቤቱ ጋር የገንዘብ እንቅስቃሴ ካለው፣ የሚከፈል ታክስ ባይኖርም እንኳ ቅጽ 5472 የሚባለውን በየዓመቱ ማስገባት አለበት። ላላስገባ ቅጣቱ 25,000 ዶላር ነው። ይህ ቁጥር በማስታወቂያዎቹ ላይ አይጻፍም።

አሁን ሠንጠረዤን እንደገና ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያው ዓምድ "ሥራው የሚሠራው የት ነው?" የሚል ነው። በዚህ ዓይን ሳየው በጣም የደነቀኝ ወንድሜ አካባቢ ያለው ነው። ቨርጂኒያ፣ ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ በአንድ የሜትሮ ባቡር የሚደረስባቸው ጎረቤቶች ናቸው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቱም በሦስቱም አለ። ለማቋቋም ቨርጂኒያ 100፣ ዲሲ 99፣ ሜሪላንድ 100። ያው ነው ትላላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቨርጂኒያ በየዓመቱ 50፣ ዲሲ በየሁለት ዓመቱ 300፣ ሜሪላንድ በየዓመቱ 300 ዶላር። አሥር ዓመት ብንቆጥር ልዩነቱ የአንድ ጥሩ የወለል ማሽን ዋጋ ነው።

ባለፈው እሑድ ወንድሜ ደውሎ ነበር። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ አጽዳልን ብሎታል፣ በወር 450 ዶላር። "ልቀበል ወይስ ልተው?" አለኝ። እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሄድ፣ ውሉ ለስንት ወር እንደሆነ ጠየቅሁት። ሦስት ቀን፣ ለአንድ ዓመት። እንግዲያው መመዝገቡ አይቀርለትም፤ መጀመሪያ 100፣ ከዚያ ዓመታዊው 300 ዶላር። ከክሊኒኩ በዓመት 5,400 ዶላር ያገኛል፤ ሳሙናው፣ ቤንዚኑ፣ የረዳቱ ደመወዝ ከዚያ ውስጥ ነው። የውሉን ፎቶ ልኮልኛል። ሦስት ገጽ ነው፣ ሁለቱን አንብቤያለሁ።