ሥራ ሳይቋረጥ፦ የምስጠራ ካርድን ለሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን ስለ መስጠትና መልሶ ስለ መረከብ

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ርእስ ለአጎቴ ለማስረዳት የሞከርሁት በ2015 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ፣ ፒያሳ በነበረው የወርቅ ሱቃቸው ጀርባ ባለችው ጠባብ መሥሪያ ክፍል ተቀምጬ ነበር። ከአራት ኪሎ ስወርድ ዝናብ ካገኘኝ መጠለያዬ ያች ክፍል ነበረች። አጎቴ ዕድሜያቸውን ወርቅ ሲያቀልጡና ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው። «ምንድን ነው የምታጠኚው?» ሲሉኝ፣ «አንድን ዕቃ ሥራ ላይ ላለ ማሽን፣ ማሽኑን ሳያጠፉ መስጠትና መልሶ መውሰድ ነው፣ ጋሼ» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና ወደ ወርቅ መዳመጫው አመለከቱኝ። መዳመጫው ወርቁን በሁለት የብረት ጥቅልሎች መካከል እያሳለፈ የሚያሳሳ፣ በእጅ የሚዞር መሣሪያ ሲሆን፣ በዚያ ረድፍ የነበሩ አራት ሱቆች በተራ ይገለገሉበት ነበር። «ይኸን ለጎረቤት መስጠት ምን ጥናት ያሻዋል፣ ልጄ? ጭቅጭቁ ሲመለስ ነው። በላዩ የቀረው ብናኝ የማን ነው?» አሉኝ። እኔም ሣቅሁ። ጥያቄያቸው ወደ ጥናቴ ተመልሶ የመጣው ከወራት በኋላ ነው።

ለዘርፉ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላብራራ። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር፣ ራሱን ችሎ እንደ ሙሉ ኮምፒውተር የሚሠራ ሥርዓት ነው። ትልቁን ኮምፒውተር አስተናጋጅ፣ በውስጡ የሚኖሩትን እንግዶች እንላቸዋለን። በአንድ ግቢ ያሉ ተከራዮች ቧንቧውንና ቆጣሪውን እንደሚጋሩ፣ እንግዶቹም ፕሮሰሰሩንና ማኅደረ ትውስታውን ይጋራሉ። የምስጠራ ካርድ ግን ከቧንቧ ይለያል። ካርዱ ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው ስሌት ነው። መልእክትን መመስጠርና ፊርማ ማውጣት ለዋናው ፕሮሰሰር አድካሚ ስለ ሆነ ያንን ሸክም ይቀበላል። ሁለተኛው ጥበቃ ነው። ቁልፉ በካርዱ ውስጥ ይቀመጣል፤ በግልጽ በሚነበብ መልክም ከዚያ አይወጣም። በቀድሞው ቤተ መንግሥት ማኅተሙ በጸሐፌ ትእዛዙ እጅ ሆኖ ደብዳቤው ወደ ማኅተሙ ይመጣ እንደ ነበር፣ እዚህም ሰነዱ ወደ ካርዱ ይሄዳል እንጂ ቁልፉ ወደ ሰነዱ አይመጣም። ስሌቱን ለብዙዎች ማካፈል ቀላል ነው። የሚከብደው ጥበቃውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ማሻገር ነው።

ወደዚህ ርእስ የመራኝ መጽሐፍ አይደለም። ከጥናቴ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የገንዘብ ተቋም የሥርዓት አስተዳዳሪ ሆኜ እሠራ ነበር። በትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ሥዑር ጠዋት፣ የክፍያ ጥያቄዎችን የሚያረጋግጠው ቨርቹዋል ማሽን ይጠቀምበት የነበረው ካርድ የበዓሉን ብዛት መሸከም አቃተው። በዚያው አስተናጋጅ ላይ ሌላ ካርድ ለሙከራ ማሽን ተሰጥቶ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። በእጃችን የነበረው መመሪያ ሁለቱንም ማሽኖች አጥፍቶ፣ ካርዱን አዛውሮ፣ መልሶ ማስነሣትን ያዝዛል። ሃያ ደቂቃ ይበቃል ብዬ አጠፋሁት።

ማሽኑ ተነሣ፤ ሁለተኛው ካርድም ታየ። ይሁን እንጂ እንደ አዲስ በመነሣቱ ቁልፉን ለመክፈት ሁለት ሰዎች የያዙትን የምስጢር ድርሻ ጠየቀ። አንዱ ድርሻ በቢሮው ካዝና ነበር። ሌላውን የያዘው ባልደረባችን ለበዓሉ ወደ ጎጃም በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ስልኩም አይመልስም። ደብረ ማርቆስ ደርሶ እስኪደውል ድረስ አገልግሎቱ ተዘግቶ ዋለ። የምስጢር ድርሻን በስልክ ማንበብ ራሱን የቻለ ጥፋት እንደ ሆነ እሱም እኛም እናውቃለን፤ አነበበልን።

አመሻሽ ላይ በጊዮርጊስ በኩል ወደ ፒያሳ ስወርድ በኤቲኤሞቹ ፊት ቆመው የዋሉ ሰዎች ገና አልተበተኑም ነበር። የአጎቴ ባለቤት ዶሮና ቅቤ ሊገዙ ወጥተው ባዶ ዘንቢል ይዘው ተመልሰዋል። «ማሽኑ እምቢ አለ» አሉኝ። ማን እንዳጠፋው አልነገርኋቸውም።

በኋላ ስመረምር፣ ካርድን በሥራ ላይ ላለ እንግዳ የማቀበል ችሎታ በብዙ ሥርዓቶች ውስጥ ከዚያ በፊት የነበረ መሆኑን አወቅሁ። ማሽኑን ማጥፋት ግዴታ ሳይሆን ልማድ ኖሯል። ጥናቴን የጀመርሁት በዚህ ቁጭት ነው፤ ርእሱንም ስመርጥ መልሱን አስቀድሜ የያዝሁ መስሎኝ ነበር።

ጉዳዩ ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ የታሰበበት አይቢኤም ዜድ በሚባሉት ታላላቅ ኮምፒውተሮች ላይ ስለ ሆነ፣ የንባቤን ብዙውን ጊዜ የወሰዱት እነሱ ናቸው። በእነዚህ ማሽኖች እያንዳንዱ የምስጠራ ካርድ አዳፕተር ይባላል። አዳፕተሩ በውስጡ ዶሜይን በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ዶሜይን የራሱን ዋና ቁልፍ ይይዛል። አንድ አዳፕተርና አንድ ዶሜይን የሚገናኙበት ነጥብ ወረፋ ይባላል፤ እንግዳው ጥያቄውን የሚያሰልፈውም በዚያ ነው። አስተናጋጁ ግን ለእንግዳው ወረፋን አንድ በአንድ አይመድብም። የአዳፕተሮች ዝርዝርና የዶሜይኖች ዝርዝር ይሰጠዋል፤ እንግዳውም የሁለቱን መገናኛዎች ሁሉ ያገኛል። አዳፕተር 5 እና 6፣ ዶሜይን 4 እና 71 ቢሰጠው አራት ወረፋ አለው ማለት ነው። 5ን ከ4 ጋር፣ 6ን ከ71 ጋር ብቻ ልስጥ ቢባል አይሆንም። ሁለት እንግዶች አንድ አዳፕተር ወይም አንድ ዶሜይን ሊጋሩ ይችላሉ፤ አንድን ወረፋ ግን አይጋሩም። ቢጋሩ ኖሮ አንዱ በሌላው ቁልፍ ይጠቀም ነበር።

በሊኑክስ ይህን ለኬቪኤም እንግዶች የሚያስተላልፈው ድራይቨር ቪኤፍአይኦ ኤፒ ይባላል። ከርነሉን የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በወጣው እትም 4.20 ነው። በዚያን ጊዜ እንግዳው በሥራ ላይ ከሆነ ምደባውን መቀየር አይቻልም ነበር፤ ትእዛዙ «ሥራ ላይ ነው» የሚል ስሕተት ይመልሳል። መፍትሔውም እኔ ቅዳሜ ሥዑር እንዳደረግሁት ማጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የወጣው እትም 6.0 ይህን ቀየረው። ከዚያ ወዲህ አስተዳዳሪው አዳፕተር ወይም ዶሜይን ሲጨምር ወይም ሲቀንስ፣ የሚሠራው እንግዳ ለውጡን ወዲያው ያየዋል።

ማሻሻያውን ሳነብ አንድ ነገር አናደደኝ። ከላይ በጠቀስሁት ምሳሌ ከአራቱ ወረፋዎች አንዱ፣ ማለትም የ6 እና የ71 መገናኛ፣ ለማስተላለፊያው ድራይቨር ያልተያያዘ ቢሆን፣ ከርነሉ የጎደለውን አንዱን ብቻ አይተውም፤ አዳፕተር 6ን በሙሉ ከእንግዳው ይከለክላል። ደኅናው ወረፋ ለምን ይቀጣል? ቆይቶ ነው የገባኝ። ለእንግዳው የሚሰጠው ሁለት ዝርዝር ብቻ ስለ ሆነ «ይኸኛው አለ፣ ያኛው የለም» የሚባልበት ቋንቋ የለም። ሐሰተኛ ዝርዝር ከመስጠት አጭር ዝርዝር መስጠት ተመረጠ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ በእጁ የሌለን ዕቃ በሞዴል 22 ወጪ አድርጎ አይፈርምም።

ርክክቡም እንደዚያው ነው። አስተዳዳሪው ለእንግዳ የተመደበን ወረፋ ለአስተናጋጁ ልመልስ ቢል ከርነሉ ይከለክለዋል፤ አስቀድሞ ከእንግዳው ምደባ መንሣት አለበት። ወረፋው ከእንግዳው ሲነሣም እንደ ገና እንዲጀምር ይደረጋል። ይህም በመንገድ ላይ የነበረ ጥያቄ ወይም መልስ ለሚቀጥለው ባለ ተራ እንዳይተርፍ ነው። በዶሜይኑ ውስጥ ያለው ዋና ቁልፍ ግን በዚህ አይጠፋም። እሱን ማስገባትም ማጥፋትም ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ለብቻው የሚፈጽሙት ሌላ ሥርዓት ነው። ወረፋው ተጠርጓል፤ ቤቱ ግን የቀድሞው ባለቤት ካዝና አለበት።

ዜድ/ቪኤም የሚባለው ሌላው ሥርዓት ይኸንኑ ልዩነት ፊት ለፊት ያሳያል። ካርዱን ለእንግዶች በጋራ ወይም በግል መስጠት ይቻላል። በጋራ ሲሰጥ እንግዶቹ በካርዱ ዋና ቁልፍ የተጠበቁ ቁልፎችን መጠቀም አይችሉም፤ የሚያገኙት ስሌቱን ብቻ ነው። ጥበቃውን የሚፈልግ በግል ዶሜይን ይያዝለታል። ከእትም 7.1 ጀምሮ በተጨመረ ማሻሻያ ይህን ሁሉ እንግዳውን ሳያስወጡ በትእዛዝ ማያያዝና መንቀል ይቻላል።

እንዲህ ያለ ማሽን በእጄ አልነበረም፤ የተማሪ ኪስም አይደርስበትም። ስለዚህ የሐሳቡን አጥንት በትንሽ ዕቃ ለመፈተን ተነሣሁ። ኬቪኤም የተጫነበት አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖችና ቁልፍ የሚይዝ አንድ የዩኤስቢ ቶክን በቂ ነበሩ። የመጀመሪያው ማሽን ያለ ማቋረጥ ሰነድ እየፈረመ ሳለ ቶክኑን ነቅዬ ለሁለተኛው ሰጠሁት። የመጀመሪያው ስሕተት መዝግቦ መጠባበቅ ጀመረ፤ ሁለተኛው ቶክኑን አወቀና መፈረም ቀጠለ። የጠፋ ማሽን የለም። ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር፤ በደስታ ብድግ አልሁ።

ደስታዬ የቆየው መዝገቡን እስካነብ ነው። ሁለተኛው ማሽን የፈረመው በመጀመሪያው ቁልፍ ነበር። ሁለቱንም ማሽኖች ያባዛኋቸው ከአንድ ቅጂ ስለ ነበር የቶክኑ የምስጢር ቁጥር በሁለቱም ውስጥ ተጽፏል፤ ቁልፉም ከቶክኑ ጋር ተሻግሯል። ቶክኑ ጠየቀ፣ ማሽኑ ትክክለኛውን ቁጥር መለሰ፣ ፊርማውም ወጣ። በየትኛውም ቦታ ስሕተት አልተመዘገበም። ፊርማውን ለሚያረጋግጥ ሰው ሰነዶቹ ሁሉ የመጀመሪያው ማሽን ናቸው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለእንዲህ ያለ ፊርማ ሕጋዊ እውቅና በሰጠበት አገር ይህ የላቦራቶሪ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በቅዳሜ ሥዑሩ ቀን እንዳሰብሁት ካርዱን ከሙከራው ማሽን ሳላጠፋ ነቅዬ ለክፍያው ማሽን ብሰጥ ኖሮ፣ ወይም በተቃራኒው፣ ማን በማን ስም እንደ ፈረመ የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

የአጎቴ ብናኝ ትዝ ያለኝ ያን ሌሊት ነው።

ከዚያ በኋላ ጥናቴ ከማቀበል ወደ መረከብ ዞረ። የጻፍሁት ፕሮግራም ቶክኑን ከመንቀሉ በፊት ማሽኑ አዲስ ጥያቄ እንዳይልክ ያደርጋል፤ የተሰለፉት እስኪያልቁ ይጠብቃል። ይህ ጥንቃቄ ቅንጦት አይደለም። ጥያቄው ከተላከ በኋላ መልሱ ሳይደርስ ካርዱ ከተነቀለ፣ ተፈርሟል ወይስ አልተፈረመም የሚለውን ላኪው አያውቅም፤ ደግሞ ቢልክ አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ሊፈጸም ይችላል። ቀጥሎ ከቶክኑ ይወጣል፣ ይነቅለዋል፣ በውስጡ ያሉትንም ቁልፎች ይዘረዝራል። ከቀጣዩ ባለ ተራ ስም ጋር የማይዛመድ ቁልፍ ካገኘ አያቀብልም፤ መጀመሪያ እንዲጠፋ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ማሽንም የራሱ የምስጢር ቁጥር አለው። ፍጥነቱ ቀነሰ፤ በመመረቂያ ግምገማው ላይ በጣም የተጠየቅሁትም ስለዚህ ነው።

ጽሑፉን በማጠናቅቅበት በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የኮሪደር ልማቱ ተጀምሮ የአጎቴ ሱቅ ያለበት ረድፍም ተነሣ። የተሰጣቸው ጊዜ አጭር ነበር፤ በእጃቸውም ያልተጠናቀቁ የሠርግ ቀለበቶች ነበሩ። ዕቃ ላግዝ ሄጄ ሳለ መደርደሪያው፣ ሚዛኑና መዳመጫው ተጭነው አልቀዋል። አጎቴ ግን ከባዶው ክፍል አልወጡም። የወለሉን ጣውላ አስነሥተው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ከሥሩ ያለውን አቧራ በትንሽ ቡርሽ ወደ ጋዜጣ ይጠርጋሉ። የዘመናት ብናኝ ነው፤ ተጣርቶ ቢቀልጥ ወርቅ አለው። ጎረቤቶቻቸውም በየክፍላቸው እንደዚያው ያደርጉ ነበር። ጋዜጣውን አጥፈው በኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ነው የበሩን ቁልፍ ለሚረከበው ሰው የሰጡት።

የጥናቴ ትልቁ ጉድለት ሌላ ቦታ ነው። ቁልፉ ከካርዱ እንዲጠፋ ከታዘዘ፣ ባለቤቱ ማሽን ተራው ሲመለስ ቁልፉ ከመጠባበቂያ ቅጂ እንደ ገና መግባት አለበት። ያ ቅጂ በደንቡ መሠረት የሚከፈተው ድርሻዎቹን የያዙት ሰዎች ሲገኙ ብቻ ነው። ካርዱን ከማሽን ወደ ማሽን በሰከንዶች ማዛወር ይቻላል፤ የሰዎቹን ነገር ግን ፕሮግራሜ አልነካውም። በዚያ ተቋም ያሉ የቀድሞ ባልደረቦቼን ጥናቱን ባሳየኋቸው ጊዜ በመጀመሪያ የጠየቅሁት ሁለተኛው ድርሻ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ ነው። እንደ ድሮው በዚያው ባልደረባችን እጅ ነው፤ ለትንሣኤም እንደ ወትሮው ወደ ጎጃም ይሄዳል።