ከነጫማዋ

ልጄ አምስተርዳም ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። «እማዬ፣ መጥተሽ የልጅ ልጅሽን እይ» እያለች ስትወተውተኝ ኖራ፣ ባለፈው ሚያዝያ ሄድኩላት። የከተማዋን ውበት ያልነገረኝ ሰው አልነበረም። ውኃው አጥር እንደሌለው ግን ማንም አልነገረኝም።

ከቤቷ ደጃፍ እስከ ቦዩ አሥር እርምጃ አይሞላም። መንገዱ፣ የቆሙ ብስክሌቶች፣ ከዚያ ውኃ። አንዳንድ ቦታ ጉልበት የማይደርስ ብረት አለ፤ እሱም የቆመ መኪና እንዳይገባ ነው አሉኝ። እናቶች ከፊቱ ሳጥን ባለው ብስክሌት ሁለት ሦስት ልጅ ጭነው በዚያ ዳር ይከንፋሉ። እኔ የስድስት ዓመቷን ልጅ እጅ ጨብጬ ግድግዳ ግድግዳውን እሄዳለሁ።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ታናሽ ወንድሜን በዘጠኝ ዓመቱ ጣና ወሰደብን። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ፤ እየሳቀ ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ ልጆች ስወልድ አንዳቸውንም ሐይቁ አጠገብ አላስደረስኩም። ዋና የሚችል ልጅ የለኝም። ይህን እንደ ጥሩ እናትነት እቆጥረው ነበር፤ አሁንም በከፊል እቆጥረዋለሁ።

ውበቱን አልክድም። በቦዮቹ ዳር የተሰለፉት ትላልቅ ዛፎች በጸደይ እንደ ወረቀት የሳሳ ዘር ያረግፋሉ፤ ነፋስ ሲነሳ መንገዱ በረዶ የጣለበት ይመስላል። የድሮዎቹ ቤቶች ቀጫጭን ናቸው፤ ብዙዎቹ ወደ ፊት ያዘነበሉ፣ አናታቸው ላይ መንጠቆ የተንጠለጠለባቸው። ደረጃቸው ጠባብ ስለሆነ አልጋና ቁም ሣጥን በገመድ ተስቦ በመስኮት ነው የሚገባው። መሬቱ ረግረግ በመሆኑ የቆሙት በእንጨት ምሰሶ ላይ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ብቻ 13,659 ምሰሶ አለው። በንጉሡ ልደት ዕለት ደግሞ ልጆች መንገድ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው አሮጌ መጫወቻቸውን ይሸጣሉ። የእኛይቱ ስትከራከር መርካቶ ያደገች ትመስላለች።

አንድ ቅዳሜ ልጄ «ዛሬ የዋና ፈተና አላት» አለችኝ። ሆዴ ተገለበጠ። ደረጃው ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው፤ የመጀመሪያው ኤ። ልጆቹ ሱሪና ሸሚዝ ለብሰው፣ ጫማ አድርገው ገንዳው ዳር ተሰለፉ።

«ምነው ከነልብሳቸው?»

«ቦይ ውስጥ የሚወድቅ ልጅ ልብሱን አውልቆ አይወድቅማ!»

ከነጫማዋ ዘለለች። ወጣች፣ ተንሳፈፈች፣ ዋኘች። ልብሷን ቀይራ ስትመለስ የባሰው መጣ፦ ውኃው ውስጥ በተዘረጋ ሸራ ቀዳዳ ጠልቃ ማለፍ አለባት። ጠለቀች። የነጠላዬን ጥለት ጨምድጄ ቀረሁ። የቆየችው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ እኔ ግን ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ተመለስኩ። በወዲያኛው በኩል ጭንቅላቷ ብቅ ሲል ልጄ እጄን ያዘችኝ። የእሷም እጅ በላብ ርሷል።

«እኔም አምና ተማርኩ» አለች ቀስ ብላ። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

መልስ አልሰጠኋትም። ቆይቼ ብቻ «ጫማሽን አድርገሽ?» አልኳት።

«አዎ፣ አድርጌ።»

በማግስቱ እንደ ልማዴ የልጅቷን እጅ ይዤ ግድግዳውን ተጠጋሁ። እሷ ግን እጇን አስለቅቃ በውኃው በኩል ዞረችና በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ፣ «እማማ፣ አንቺ በዚያ ሂጂ» አለችኝ። «አንቺ ዋና የለሽም።»