በግራና ቦይ ዳር

ልጄ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ «የዓሣ እርባታ ባለሙያ ነው የምሆነው» ሲለኝ አኮረፍኩ። ሐኪም ይሆንልኛል ብዬ ነበር የምጠብቀው።

ግራና ያለውን አጎቴን ልንጠይቅ ስንሄድ ሐይቅ ከተማ ላይ ቆሮሶ ጥብስ በላን። «አባዬ፣ ይሄ ዓሣ እኮ እዚህ አልነበረም። እንደ ፈረንጆቹ በ1978 ሰው ነው ያስገባው» አለኝ። ዝም ብዬ ጎረስኩ።

ግራና ቆላ ነው፤ ያልባል። አጎቴ በመስኖ ሽንኩርት ያለማሉ። ልጁ ሰላምታውን ሳይጨርስ ቦዩ ውስጥ እጁን ነከረ። ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚሞቅ ውኃ ጥሩ ያድጋል አሉ፤ እኔን ያሰለቸኝ ሙቀት ለዓሣው ሲሳይ ነው።

አጎቴ ግን ገበሬ ናቸው። «ውኃ የሚደርሰን በተራ ነው። ተራዬ ሲያልፍ ዓሣህ በምን ይዋኛል?» አሉት።

ልጁ አልተቆጣም። ሸክላማ አፈር ውኃ እንደሚይዝ፣ የኩሬው ውኃ ሲለወጥ ለሽንኩርቱ ማዳበሪያ እንደሚሆን አስረዳቸው። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ወንድና ሴቱ ካልተለየ ኩሬው በጫጩት ተጨናንቆ ሁሉም ድንክ ሆኖ ይቀራል። ውኃው ውስጥ ኦክስጅን የሚያንሰው ደግሞ ንጋት ላይ ስለሆነ ባለሙያው ጎሕ ሲቀድ ኩሬው ዳር መገኘት አለበት። እስከ ሦስት ሰዓት የሚተኛ ልጅ ይህን ሲናገር ሳቄ መጣ።

ትምህርቱ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የዓሣ ምርምር ማዕከልም ሰበታ ላይ አለ። ደመወዝ የሚከፍል እርባታ ግን ገና ጥቂት ነው። ይህንንም ራሱ ነው የነገረኝ፤ አልደበቀኝም።

ስንሰነባበት አጎቴ ከቦዩ ግርጌ ውኃ የሚተኛባትን ረባዳ መሬት በበትራቸው አሳዩት።

«አብሽር፣ ተምረህ ና። እሷን አልዘራባትም።»